አትንኩኝና ዘመድ ጥየቃ፦ ወረርሽኝና የመንገድ ሕግ በጎንደር ደጋ

በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ፣ ከወገራ እስከ ዳባትና ደባርቅ፣ ከደንቢያ ሜዳ እስከ ጭልጋ፣ ሰው ከቀየው ርቆ ለመጓዝ የሚነሣባቸው ምክንያቶች ሲቆጠሩ ገበያ፣ ንግሥ እና ሙግት ቢኖሩም ከሁሉ የሚሰፋው ዘመድ ጥየቃ ነው። ዘመድ ጥየቃ ናፍቆትን መወጣት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲሞት ልቅሶ መድረስ፣ በአርባውና በሙት ዓመቱ ተዝካር ላይ መገኘት፣ ልጅ ሲዳር ከወገን ጋር መቆም፣ የታመመን ማየትና የወለደችን ማረስ በዚሁ ስም ይጠቃለላሉ። ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ይታዘቡታል፤ ቅሬታውም ከዓመት ዓመት እየተሻገረ በሌላ ልቅሶ ላይ ይነሣል።

ዘመድ የሚባለው ማን እንደ ሆነም አገሩ የራሱ ቆጠራ ነበረው። የደጋው ገበሬ ርስቱን በአባቱም በእናቱም በኩል ከአንድ ቀደምት አባት እየተወለደ መምጣቱን በማስረዳት ይጠይቅ ስለ ነበር፣ የትውልድ ሐረግን ወደ ላይና ወደ ጎን አስፍቶ ማወቅ የጨዋታ ሳይሆን የመሬት ጉዳይ ነበረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ በኋላም ቆጠራው ለጋብቻ ሲባል ቀጥሏል። ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚገናኙ ሰዎች እንዳይጋቡ ስለሚከለክል፣ የሰባተኛ ቤት ዘመድ እንኳ «ከእኛ ነው» የሚባል ሰው ነው። በዚህ ላይ አማቱ፣ ዋርሳው፣ በክርስትና የተዛመደው አበልጅና የጡት ልጁ ይጨመራሉ። እንዲህ ባለ አገር ላይ የወረርሽኝ ሕግ ደርሶ «የምትጠይቀው ሰው ምንህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ስለ በሽታ ብቻ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፦ ጎንደር በታሪኳ ሁለት ዓይነት የመራራቅ ሥርዓት አይታለች፤ አንደኛው የመጣውን ሰው ማንም ይሁን ማን ቆይቶና ታጥቦ እንዲገባ የሚያደርግ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በዝምድናው ደረጃ እየለየ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. የተባለው ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተለይቷል።)

የመጀመሪያውን ሥርዓት ከሁሉ አጥብቀው የያዙት የአይሁድ እምነት የሚከተሉት ቤተ እስራኤል ነበሩ። በጎንደር ዙሪያ በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች፣ እንዲሁም በወገራ፣ በደንቢያና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት እነዚህ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የኦሪትን የንጽሕና ሕግ በጥብቅ ስለሚጠብቁ ከሌላው ጋር መነካካትን ይሸሹ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውም በዚህ ምክንያት «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው። ከገበያ ወይም ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ወርዶ መላ አካላቱን መንከር ነበረበት፤ መንደሮቻቸውም ከወንዝ የማይርቁት፣ ጎረቤትም ውሃ ውሃ ይሸታሉ ይላቸው የነበረው ስለዚህ ነው። አስከሬን የነካ ሰባት ቀን ተለይቶ ይቆይ ነበር። የወር አበባ ያየች ሴት የመርገም ጎጆ ወደሚባለው፣ ዙሪያው በድንጋይ ወደ ተከለለ ትንሽ ጎጆ ትገባ ነበር፤ የወለደችም በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር። ጎጆ ውስጥ ላለችው ሴት ምግብ የሚያመጣላት ዘመድ ከድንጋዩ ክልል ላይ ያኖርላት ነበር እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣትም ነበር።

ይህ ሥርዓት የሃይማኖት እንጂ የሕክምና እንዳልነበረ ሳይዘነጋ፣ አሠራሩ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። መለየቱ ቀን ነበረው፤ ቀኑ ሲያልቅና ውሃው ሲነካ ሰውየው እንደ ቀድሞው ሙሉ ዘመድ ይሆን ነበር። ከመለየቱ የሚያመልጥ የቅርብ ዘመድም አልነበረም፤ የካህኑ ሚስትም ትሁን የድሃው እኅት እኩል ትቆይ ነበር። ተለይቶ ያለው ሰው የሚበላውንም ወገኑ ያቀብለው ነበር እንጂ ክፈል አይባልም ነበር። ፈረንሳዊው አይሁዳዊ ሊቅ ጆሴፍ ሃሌቪ በ1860 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች በመጣ ጊዜ ነጭ አይሁዳዊ መኖሩን ባለማመን የሚስዮን ሰው ነው ብለው እንደ ተጠራጠሩትና እንደ ራቁት ጽፏል፤ ጥርጣሬው ሲነሣለት ግን ተቀብለውታል። አትንኩኝ የሚለው ስም በወጣበት ጊዜ ስድብ ነበረ፤ ሃሌቪ ከመጣ ከ150 ዓመት በኋላ በኮሮና ዘመን መላው አገር በአዋጅ አትንኩኝ ይሆናል ብሎ የገመተ ግን አይኖርም።

ከተማዋም ብትሆን በመለየት የተሠራች ነበረች ማለት ይቻላል። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫቸውን ጎንደር ላይ ካደረጉ በኋላ፣ ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ መሠረት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሠፈራቸው እንዲቀመጡ አዘዋል፤ የሙስሊሞቹ አዲስ ዓለምና የቤተ እስራኤሎቹ ካይላ ሜዳ በዚህ ታሪክ የሚታወቁ ሠፈሮች ናቸው። በሽታ ሲገባ ግን የሠፈር ወሰን አይጠብቅም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ የእቴጌ ምንትዋብን የቁስቋም ቤተ መንግሥት ገብቶ የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ልጆች ጨምሮ የንጉሣዊውን ቤተሰብ ሕፃናት ጥሏቸው ነበር። ብሩስ በጻፈው መሠረት የመጀመሪያ ሥራው የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ ማጠን፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ ማሳጠብ ነበረ። ለታመመ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ በተዘጋ ቤት አብሮ መቀመጡ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር፣ መስኮት ክፈቱ የሚል ትእዛዝ ቀላል አልነበረም።

በ1858 ዓ.ም. የገባው ኮሌራ ደግሞ ጎንደርን ከዓለም የጤና ሕግ ታሪክ ጋር በቀጥታ ያገናኛታል። ይህ ወረርሽኝ በ1857 ዓ.ም. በመካ ሐጃጆች መካከል ተነሥቶ በመርከብና በግመል መንገድ ወደ ግብፅ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተዛመተው ነው፤ አውሮፓውያን መንግሥታት በዚሁ ድንጋጤ በ1858 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው የሐጅ መንገድ የሚጠበቅበትንና መርከቦች ተለይተው የሚቆዩበትን ሥርዓት ሲመክሩ፣ በሽታው በዚያው ዓመት ጣና ዳር የሠፈረውን የአፄ ቴዎድሮስን ጦር እያጨደ ነበር። ንጉሡ የነበራቸው መከላከያ ያው የቆየው የነገሥታት ብልሃት፣ ማለትም ሠፈር መለወጥ ነበር፤ ንጉሡ ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ የነበረው ሐኪም ሔንሪ ብላንክ እንደ ተረከው ጦሩ ከረግረጋማው የሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ በጌምድር ደጋ ወጣ። በቁስጥንጥንያ የተመከረው ሕግ መርከብን ማስቆም ያውቅ ነበር፤ ከወታደሩ ኋላ በእግሯ የምትከተለውን ሚስት፣ እናትና ገረድ ግን ማንም አላሰባትም። ሠፈሩ ሲነሣ በሽታው አብሮ የሚነሣው በእነርሱ መካከል ነበር።

ወረርሽኝ በውጭ አገር ባለ ወገን ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳየው የቆየ ምሳሌ ግን ያለው በኢየሩሳሌም ነው። ከጎንደር በመተማና በሰናር አልያም በምጽዋ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ መነኮሳትና ምእመናን የሚያርፉት በዴር ሱልጣን ገዳም ነበር፤ በ1830 ዓ.ም. ቸነፈር ገብቶ በገዳሙ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፈጃቸው ጊዜ፣ መጻሕፍቱና የባለቤትነት ሰነዶቹ በሽታውን ያስተላልፋሉ ተብለው መቃጠላቸው በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የገዳሙ ቁልፍ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር የሚያከራክር ሆነ። በጽዳት ስም የተወሰደ እርምጃ የአንድን ወገን መብት ለመቶ ዓመታት ሊያናጋ እንደሚችል የጎንደር ሊቃውንት ከኮሮና አስቀድሞ ያውቁት ነበር።

በ1880 ዓ.ም. ጥር የሱዳን ደርቡሾች በሳር ውሃ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርገው ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ የመጣው ክፉ ቀን፣ ማለትም እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው የከብት እልቂትና ረሃብ፣ የፈንጣጣና የኮሌራ ዘመን፣ ምንም ዓይነት የጉዞ ሕግ አላመጣም፤ ሕግ የሚያወጣ ኃይልም አልነበረም። ሰው ዘመድ አለኝ ወዳለበት ይሰደዳል፤ ዘመዱም ያለውን ያካፍላል ወይም አብሮ ያልቃል። ኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባውና የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛም ለአገሩ የተወለት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠልን ልማድ እንጂ የመንገድ ደንብ አይደለም። የጤና ሕግ ከጎንደር ገጠር ጋር በእውነት የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን የመታው ወባ 7,000 ያህል ሰው ከፈጀ በኋላ ነው፤ በዚህ ምክንያት በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸው ነው። በሽተኛውን ከዘመዱ ከመለየት ይልቅ ባለሙያውን ወደ መንደሩ መላክ የኮሌጁ መሠረታዊ አሳብ ነበረ፤ ከአገሩ የዝምድና ጠባይ ጋር የተስማማ የጤና አሳብ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዘመድ ያለው በአብዛኛው በአገር ውስጥ ነበር። የጎንደር ወገን ባሕር ማዶ በብዛት የተገኘው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በዚህ በኩል የቤተ እስራኤል ታሪክ ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የቤተሰቡ መከፈል በራሱ በሕግ የተሠራ ነው። በ1854 ዓ.ም. አባ ማሃሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሥተው ብዙ ሰው በመንገድ አልቆ ተመልሰዋል። በዚያው ዘመን ሔንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ በደንቢያ ጀንዳ ላይ ባቋቋሙት ሚስዮን አማካይነት ከቤተ እስራኤል መካከል ክርስትና የተነሡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፈላሽ ሙራ የሚል ስም የተሰጣቸው፣ ራሳቸው ግን ዘረ ቤተ እስራኤል መባልን የሚመርጡት በከፊል የእነዚህ ልጆች ናቸው። ከ1977 ዓ.ም. በፊትና በዚያው ዓመት ብዙ ሺሕ ቤተ እስራኤል በሌሊት እየተጓዙ፣ ከገበሬ ማኅበር የይለፍ ወረቀት ሳይዙ፣ በመተማና በሁመራ በኩል ሱዳን ገቡ፤ በኡም ራኩባና በሌሎች ሠፈሮች ሲጠባበቁና በመንገድ 4,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በበሽታ ነበር። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በቆየው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህሉ፣ በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰዎች እስራኤል ገቡ።

ዘረ ቤተ እስራኤል ግን በዚያ ቀን አውሮፕላን ላይ አልወጡም። የእስራኤል የመመለስ ሕግ በእ.ኤ.አ. 1970 ማሻሻያው እስከ ልጅ ልጅ ድረስ መብት ቢሰጥም፣ ወደ ክርስትና የገቡ ሰዎች ከእርሱ ውጭ ስለ ሆኑ መግቢያቸው በመንግሥት ውሳኔና በቤተሰብ መቀላቀል በኩል ብቻ ሆነ። ከወገራና ከደንቢያ ቤታቸውን ሸጠው ጎንደር ከተማ የገቡት፣ ምኵራብ በተተከለበት ሠፈር ቤት ተከራይተው ለ10፣ ለ15 እና ለ20 ዓመት ጠበቁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የእስራኤል ካቢኔ የቀሩትን በ5 ዓመት ውስጥ ለማስገባት ወስኖ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን በጀት በሚሰጥበት መጠን በጥቂት በጥቂቱ ሆነ። ኮሮና የደረሰባቸው በዚህ መሐል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከ10 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 14 ቀን፣ የየብስ ድንበሮች ተዘጉ፣ ከውጭ የሚገባ መንገደኛም ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደነገገ፤ በዘመኑ ወሸባ የተባለው ይህ ቆይታ በመጀመሪያ የሚፈጸመው አዲስ አበባ ላይ እንደ ስካይላይትና ግዮን ባሉ በተመረጡ ሆቴሎች፣ በመንገደኛው ኪሳራ ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና በመጨባበጥ ሰላምታ መሰጣጠት ተከለከሉ። በዐማራ ክልል ባሕር ዳርን ጨምሮ ጥቂት ከተሞች ለ14 ቀን ተዘግተው ነበር። እነዚህ ደንቦች ከባድ ቢሆኑም፣ ጠባያቸው ከአሮጌው ሥርዓት የራቀ አይደለም፤ መንገደኛው ማንም ይሁን ማን፣ ዲያስፖራም ይሁን ባለሥልጣን፣ ቆይቶ ይገባል። አዲሱ ነገር ወጪው ነው። በድንጋይ ክልል ላይ ምግብ የሚያኖር ዘመድ ቀርቶ መንገደኛው የአልጋውን በራሱ መክፈል ጀመረ። ከአሜሪካ ለአባቱ ልቅሶ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን ሲቆጥር፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው ጎንደር ልቅሶው ያለ እርሱ አልፎ አርባው ይቃረባል። በኋላ ቆይታው አጥሮ ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የምርመራ ወረቀት በመያዝ ተተካ።

ከጎንደር ወደ ውጭ የሚሄደው ዘመድ ያገኘው ሕግ ግን ሌላ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ቆንስላዎች መደበኛውን የቪዛ አገልግሎት መጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. አቋረጡ፤ ሚያዝያ 15 ቀን ሥራ ላይ የዋለው የፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ደግሞ የኢሚግራንት ቪዛን ሲያግድ ከዘመድ መካከል የዜጋን ባል ወይም ሚስትና ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጁን ብቻ ለይቶ ተወ። እናትና አባት፣ ወንድምና እኅት፣ በዲቪ ዕጣ የደረሳቸውም ከውጭ ቀሩ። ድንጋጌው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ተነሣ። ካናዳ ድንበሯን ለዘመድ መልሳ ስትከፍት መጀመሪያ የቅርብ ቤተሰብ ያለችውን ብቻ አስገብታ፣ መስከረም 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰፋ ላለ ቤተሰብ ፈቀደች፤ ሰፋ ያለ የተባለውም ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅን፣ የልጅ ልጅን፣ ወንድምና እኅትን፣ አያትን፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የዘለቀ ፍቅረኛንም ይጨምር ነበር። አጎትና አክስት፣ የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ በዝርዝሩ አልነበሩም። ሰባት ቤት ለሚቆጥር አገር ይህ ዝርዝር ሁለት ጊዜ እንግዳ ነበር፦ ያላገባችውን ፍቅረኛ ቤተሰብ ብሎ ያስገባ፣ ያሳደገችን አክስት ግን ዘመድ አይደለችም ብሎ ይመልስ ነበር። የካናዳ ሕግ አውጪዎች ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ የሚያውቁትን ቤት ለክተው ነው።

ዝምድናን በወረቀት ማስረዳቱም ሌላ ዳገት ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልደትን በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ገጠር የተወለደ አረጋዊ የራሱንም ሆነ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት የሚያገኘው ዘግይቶ በምስክር ነው። ኢትዮጵያዊ ደግሞ በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይጠራምና፣ የእናት ልጅ የሆነ ወንድም ከወንድሙ ጋር፣ አያትም ከልጅ ልጇ ጋር የሚጋሩት ስም ላይኖር ይችላል። በደጋው አፍ «የእናቴ ልጅ» ማለት የሚበቃው ግንኙነት፣ በፎርሙ ላይ በሁለት የተለያዩ የአባት ስሞች ተጽፎ ሲታይ ለመርማሪው ባዕድነት ይመስለዋል። በወረርሽኙ ወቅት ይህን ለማስተካከል ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፍርድ ቤት መመላለስ በራሱ ሰው መሰብሰብ ነበር።

ብሪታንያ ዝምድናንም አልጠየቀችም። መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በቀይ ዝርዝር ውስጥ ስታስገባ፣ የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆነ በቀር ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሁሉ እንዳይገባ ከለከለች፤ ነዋሪውም ቢሆን ሲመለስ 10 ቀን በሆቴል ተለይቶ፣ በመጀመሪያ 1,750 በኋላ 2,285 ፓውንድ ከፍሎ ነበር የሚገባው። ለእናቱ ሕመም ጎንደር ደርሶ የሚመለስ የለንደን ነዋሪ ከአውሮፕላን ትኬቱ በላይ ለቆይታው ይከፍል ነበር። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የተፋቀችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በጥበብ የተሠራው፣ ጉዳቱም የማይታየው፣ የአሜሪካ የክትባት ሕግ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው ይህ ሕግ ዜጋ ያልሆነ የአየር መንገደኛ ሙሉ ክትባት እንዲወስድ ያዝዝ ነበር፤ ከ10 ከመቶ በታች ሕዝባቸው ለተከተበ አገሮች ግን፣ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች፣ ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ልዩ ፈቃዱ የጉብኝት ቪዛ የያዙትን አይጨምርም ነበር። የጉብኝት ቪዛ የያዘች ጎንደሬ ማለት በአብዛኛው ልጇን ልታርስ የምትሄድ እናት ናት። ማረስ ሲባል የወለደችን ሴት ገንፎና አጥሚት እያበሉ፣ እያጠቡና ሕፃኑን እየያዙ ማክረም ሲሆን፣ ጥንት ከመንደር መንደር ይደረግ የነበረው ከ1980ዎቹ ወዲህ በርበሬና በሶ ተይዞ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሌሎች ከተሞች መጓዝ ሆኗል። ክትባቱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ጭነትም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለባት አገር 2.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። ስለዚህ የአገሩ የክትባት እጥረት ለተማሪና ለኢሚግራንት ምክንያት ሆኖ ሲያገለግል፣ ለአራስ ጠያቂዋ እናት ግን አላገለገለም።

ወደ እስራኤል እንመለስ ቢባል፣ መንግሥቷ ከመጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ሰው ድንበሯን ዘጋ። የጎንደር ምኵራብ ጸሎት ሲቋረጥ፣ በእስራኤል ያሉ ልጆች ከሚልኩት ገንዘብ የሚኖሩት ጠባቂዎች ልጆቹ ሥራ ሲያጡ ተቸገሩ። በዚያ ጊዜ የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር የሆኑት ፕኒና ታማኖ-ሻታ በጎንደር አጠገብ በውዛባ መንደር ተወልደው በሦስት ዓመታቸው በሙሴ ዘመቻ የገቡ፣ በኢትዮጵያ ተወልደው ለሚኒስትርነት የበቁ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው። መንግሥት በእስራኤል ዘመድ ያላቸውን 2,000 ሰዎች ለማስገባት ወስኖ፣ ጹር እስራኤል በተባለው ዘመቻ የመጀመሪያዎቹ 316 ሰዎች ኅዳር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ቤን ጉሪዮን አረፉ፤ እስከ መጋቢት የቀሩት ተከተሉ። ጊዜው የሰሜኑ ጦርነት ከተቀሰቀሰ አንድ ወር ገደማ ነበር፤ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ከተመታ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም። የዓለም ሰማይ ለጎብኚ በተዘጋበት ወራት ለእነዚህ ተከፈተ። ሆኖም አውሮፕላኑ የሚይዘው በዝርዝሩ ላይ ያለውን እንጂ ልቅሶ ደራሹን አልነበረም።

በዝርዝሩ ያልተካተተውስ? ሚያዝያ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. እስራኤል ዜጎቿ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 7 አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለች፤ ስለዚህ እናቱ ጎንደር የቀረችበት ሰው እርሷን ማስመጣት ብቻ ሳይሆን ሄዶ መጠየቅም በልዩ ፈቃድ ሆነበት። ኅዳር 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ቀን ሆኑ፦ ካቢኔው ከኢትዮጵያ 3,000 የመጀመሪያ ደረጃ ዘመዶች እንዲገቡ ወሰነ፤ በዚያው ቀን ሌሊት ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ በመፍራት የውጭ ሰው ሁሉ እንዳይገባ የሚያግደው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ላይ የውሳኔው አፈጻጸም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ለጊዜው ታገደ፤ እግዱ ተነሥቶ የመጀመሪያው አውሮፕላን የተነሣው ግንቦት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

በዚሁ ዓመት የገና ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት «ታላቁ ጉዞ ወደ ሀገር ቤት» ብሎ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ሲጋብዝ፣ የምርመራ ወረቀት ይዞ የመጣው ሁሉ የማን ዘመድ ነህ ሳይባል ገብቷል፤ ጎንደር የደረሰውም ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀትን አክብሯል። አሜሪካ የክትባቱን ግዴታ ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. አነሣች። የምርመራ ወረቀቱም፣ የሆቴል ቆይታውም፣ የቀይ ዝርዝሩም ከቀሩ በኋላ በጎንደር የሚጠባበቁት ሰዎች በመጀመሪያ ደረጃ ዘመድነት ይመዘኑ የነበረው አልቀረም፤ ወንድሙ ከገባ በኋላ እርሱ የቀረ ሰው፣ ወረርሽኙ ሳይኖርም በፊት ይሞላው በነበረው ፎርም ላይ ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል።